የደብሬ ጉልበት

እግዜር የለም ያልኩበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም፤ የለበስኩትን ሱሪ ግን አስታውሳለሁ። ቡናማ ቤልቦተም ነበር፤ እግሩ መሬት እየጠረገ የሚሄድ፣ ፒያሳ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ በአሥራ ሁለት ብር ያሰፋሁት። የሸሚዜ ኮሌታ የአሞራ ክንፍ ያህላል። ጸጉሬማ፣ ዛሬ መላጣዬን የምታዩ አትሳቁ እንጂ፣ በር ሲከፈትልኝ ቀድሞኝ የሚገባ ጎፈሬ ነበር። እንደዚያ ሆኜ ቡና ቤት ተቀምጬ፣ ማኪያቶ በሃያ አምስት ሳንቲም አዝዤ፣ ለጓደኞቼ "እኔ ያላየሁትን አላምንም" አልኩ። ማንም አልደነገጠም። የዚያን ጊዜ ወጣት ሁሉ እንደዚያ ይል ነበር። ብዙዎቹ የሱሪው ዘመን ሲያልፍ ወደ ቤተክርስቲያናቸው ተመለሱ፤ ዛሬ በየክብረ በዓሉ ነጠላ አጣፍተው ከፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው። እኔ ሱሪውን ጣልኩ፣ ነገሩን ግን ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የወይራ ቅጠል ሽታ ነው። ያለፈው ስቅለት ጠዋት፣ ጎንደር ሳሙና በር አካባቢ ካለው ቤታችን ወጥቼ ዳቦ ልገዛ ስወርድ፣ አንዲት ሴት የወይራ ቅርንጫፍ በብብቷ ይዛ ሽቅብ ወደ ቤተክርስቲያን ስትወጣ አጠገቤ አለፈች። ቅጠሉ ገና ጤዛውን አልጣለም። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ቆምኩ፤ አንድ ባጃጅ ነጂ ከኋላዬ ጡሩንባውን እየነፋ ቢሰድበኝም አልሰማሁት፤ ዳቦውንም ረሳሁት። አርባ ዓመት ያህል በየስቅለቱ ምሽት የባለቤቴ የደብሬ ነጠላ እንደዚህ ይሸት ነበር። በላዩ ላይ የካምፎር ቅባት ሽታ ይታከልበታል፤ ማታ ማታ ጉልበቷን የማሸው እኔ ነበርኩና። ወይራና ካምፎር። ለሌላው ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ለእኔ ግን ትዳሬ የሚሸተው እንደዚያ ነው።

ደብሬ ያረፈችው ባለፈው ክረምት ነው። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ "ታፈረ፣ ለብቻዬ እንዳታስተኛኝ" አለችኝ። "እዚሁ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ" አልኳት። "አሁን አይደለም ያልኩህ፤ ሚካኤል ግቢ ነው" አለች። እሺ አልኳት። ለሚሞት ሰው እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው! ከቀብሯ በኋላ ልጃችን ሰናይት ነገሩን አስረዳችኝ። ሰናይት ሆስፒታል የምትሠራ፣ እንደ እናቷ ለስላሳ፣ እንደ እኔ ደረቅ ልጅ ናት። "አባዬ፣ እማዬ ጎን ለመቀበር የንስሐ አባት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሰበካ ጉባኤው አይፈቅድም፤ የምትቀበረው ማዘጋጃ ቤቱ በሚሰጠው ቦታ ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ንስሐ አባት ኖሮኝ አያውቅም። ቃል የገባሁላት ሴት እዚያ ተኝታ ትጠብቀኛለች፣ እኔ ከከተማ ዳር ልጣል ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር የለም።

ጥር ላይ፣ የጥምቀቱ ግርግር ሲያልፍ፣ መምሬ ጌጡ ዘንድ ሄድኩ። መምሬ የደብሬ ንስሐ አባት ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሽማግሌ። ቤቴ ሲመጡ ጠላ እቀዳላቸዋለሁ፤ ጸበል ሊረጩ ሲነሡ እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። እንዲህ ሆነን ተከባብረን ኖረናል።

"ሰናይት ነግራኛለች" አሉ ገና ሳልቀመጥ። "በል አምናለሁ በለኝ፤ የቀረውን ቀስ ብለን እንማራለን። ነገ እጽፍልሃለሁ።"

"መምሬ፣ ምላሴማ እሺ ይለኛል። ውሸት ይሆናል እንጂ።"

"ለደብሬ ብለህስ?"

"ደብሬን አንድ ቀን ዋሽቻት አላውቅም። በስሟ አልጀምርም።"

በትራቸውን ይዘው ተነሡ። "እንግዲያስ አንተም አትዋሽ፣ እኔም አልጽፍ" አሉኝ።

በንዴት ወጣሁ። ያናደደኝ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ የማደርግ መሆኔ ነው። ላብራቶሪ ያስተማሩን አንድ ቁጡ አዛውንት ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብተው "ያያችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ፤ ሥራው ይኸው ነው" ብለው ወጡ። በዚያች ቃል ሠላሳ አምስት ዓመት የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ደመወዝ በልቻለሁ።

ሰዎች ይጠይቁኛል። "አንተ ካላመንክ አትመን፤ ሌላው ቢያምን ምን አገባህ? ምነው እንዲህ ያንገበግብሃል?" ይሉኛል። ደግ ጥያቄ ነው። እንደየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥቼበታለሁ። ወጣት ሳለሁ መልሴ እናቴ ነበረች። ወገራ የምትኖረው እናቴ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስቀመጥ ለገብርኤል ተስላ ኖሯል። እኔ ስድስት ወር ሙሉ በኩራዝ አፍንጫዬ ጥላሸት ለብሶ አጥንቼ አለፍኩ። እናቴ ውጤቱን ስትሰማ እልል አለች፤ በሳምንቱ ሙክት በግ ሸጣ፣ ያኔ ሙክት አሥራ አምስት ብር ነበር፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ የከፋይ ጥላ ገዝታ ለገብርኤል አስገባች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "እንኳን ስለትሽ ሠመረ" እያለ እሷን ይስማል። እኔን ጎበዝ ያለኝ አንድ ሰው የለም። "እማ፣ ያጠናሁትስ?" ብላት፣ "እሱ ካልረዳህ ብታጠናስ ምን ዋጋ አለው፣ ልጄ" አለችኝ። ገብርኤል ጥላ አገኘ፣ እኔ መነጽር።

ደግሞ በዚህ አገር ላለማመን ብትፈልግ እንኳ ቋንቋው አይፈቅድልህም። "እንዴት አደርክ?" ሲሉኝ "ደህና" ብዬ ዝም እላለሁ፤ ሰውዬው ቀሪውን እየጠበቀ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን" እስክል ድረስ ሰላምታው አያልቅም። ሳስነጥስ "ይማርህ"፣ ስሄድ "በሰላም ያግባህ"፤ ማን ነው የሚምረኝ፣ ማን ነው የሚያገባኝ? ቅዳሜ ገበያ ያሉት ሽንኩርት ሻጮች ጠባዬን ስለሚያውቁ "ታፈረ ማይክሮስኮፕ፣ እስቲ እግዜር ይመስገን በልና አንድ እፍኝ እንመርቅልህ" ይሉኝ ነበር። አልልም። ስንት እፍኝ ሽንኩርት ቀርቶብኛል። ደብሬ ግን ከኋላዬ ቀስ ብላ "እግዜር ይመስገን" ብላ ምርቃቱን ተቀብላ ትመጣለች፤ ቤት ስንደርስ ዘንቢሉን ገልብጣ እያሳየች ትስቅብኛለች።

ደብሬን ያገኘኋት በክብሪት ቀፎ ነው። ያኔ እንደ ዛሬው የፕላስቲክ ዕቃ የለም፤ ሰገራ ለምርመራ የሚመጣው በክብሪት ቀፎ ነበር። አንድ ጠዋት ላብራቶሪው መስኮት ላይ ከኮሶዬ የመጣች ልጅ ቆመች። ሹሩባ ተሠርታለች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ አረንጓዴ መቀነት ታጥቃለች፤ እግሯ ላይ አዲስ ኮንጎ ጫማ አለ፤ ያኔ ኮንጎ ጫማ ራሱ ጌጥ ነበር። የታመመው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቀፎዋን ግን እንደ መባ በሁለት እጇ ይዛዋለች። "አያ ሐኪም፣ ይችን ተቀበለኝ" አለችኝ። እኔ ሐኪምም አልነበርኩ፣ አያ የሚያሰኝ ዕድሜም አልነበረኝ፤ ደስ ግን አለኝ። መረመርኩና ለማንም አድርጌ የማላውቀውን አደረግኩ፤ "ግቢና እይ" አልኳት። በልቤ ያሰብኩት ተንኮል ነበር። ይህን ካየች በሽታ ከየት እንደሚመጣ ይገባታል፣ ጸበሉም ስለቱም ይቀራል ብያለሁ። ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገች። የወስፋት እንቁላል ነው፤ ዙሪያው ጥልፍ የተጠለፈ ይመስላል። ረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ አማተበች።

"አቤት ሥራህ! ለዚችም ሸጋ ጥልፍ ሠራህላት?"

"አንቺ ልጅ፣ ይህ እኮ የወንድምሽ በሽታ ነው!"

"በሽታስ ቢሆን፤ ጥልፉን ማን ጠለፈላት?"

ተናደድኩም፣ ወደድኳትም። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ለጭነት ማኪና ሃምሳ ሳንቲም እየከፈልኩ፣ ከወለቃ ሸክላ ሻጮች አልፎ ያለውን ዳገት እየወጣሁ ኮሶዬ መመላለስ ጀመርኩ። የኮሶዬን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አያውቅም። ከመንገዱ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ፣ ጥብስ በአንድ ብር ከሃምሳ እያዘዝኩ፣ እሷ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ በመስኮት እጠብቃለሁ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ቴፕ ነበራት፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰካራም ድምፁ ይጎተታል፤ እኔ ዛሬም ያን ዘፈን በትክክለኛው ፍጥነት ስሰማው የተበላሸ ይመስለኛል። አሁንማ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፤ ኮሶዬ ለመሄድ ሰው ጠይቀህ፣ ሰላም መሆኑን አረጋግጠህ ነው። ያቺ ምግብ ቤት ትኑር አትኑር አላውቅም። ብናፍቃትም ሄጄ ፈርሳ ማየት አልፈልግም።

ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ አባቷ "ሃይማኖቱስ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቼ እርስ በርሳቸው ተያዩና አንደኛው "የወር ደመወዝተኛ ነው" አላቸው። አባቷ ሳቁ፤ ሰጡኝም። በሰማንያ ተጋባን። በቁርባን እንጋባ ብትለኝ እምቢ አልኳት፤ ሳላምን መቁረብ በእሷ ላይ መቀለድ ነው ብዬ። ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ እኔ ካልቆረብኩ እሷም እንደማትቆርብ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሴ ላይ ሌሎች ሴቶች ወደ ፊት ሲሄዱ እሷ ባለችበት ቆማ ቀረች። አንድ ቀን እንኳ "ባንተ የተነሣ" አላለችኝም። እኔ ደግሞ በዚያ ፈንታ "አየሽ፣ ደግ አምላክ ቢሆን እንዲህ ይከለክልሽ ነበር?" እያልኩ እከራከራት ነበር። አሁን ሳስበው አፍሬ የምገባበት አጣለሁ።

ከዚያ ሳንጃ ተመደብኩ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ሂድ በተባለበት ነው የሚሄድ። ሳንጃ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ፣ የሰሊጥ ነጋዴው ጩኸት፣ ከሱዳን የሚመጣው ቀጭን ሸማና የሽቶ ጠርሙስ። የመጀመሪያ ልጃችን ጌታሁን በእግሩ መሄድ የጀመረው እዚያ ነው፤ ከሰሊጥ ጆንያ ወደ ሰሊጥ ጆንያ እየተደገፈ። ክረምት ገባ፤ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ደሙን በገዛ እጄ ስላይድ ላይ ቀባሁት። አየሁት። ወባው ቀይዋ ሴል ውስጥ እንደ ትንሽ ቀለበት ተቀምጧል። ያየሁትን ጻፍኩ፤ ከላይ የልጄን ስም፣ ከታች ውጤቱን። መድኃኒቱ አልቋል፤ ወንዙ ሞልቶ ማኪና አያሳልፍም። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደው፤ ወዶት ነው፤ መልአክ ሆነ" ይላል። "ወዶት ከሆነ ምነው በወባ!" ብዬ ጮኽኩ። ደብሬ ብቻ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

እሷ አርባ ቀን ሙሉ አለቀሰች። ተዝካሩን አወጣች። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ገበያ ወጣች፤ ልጇ ያለበትን ታውቃለች። እኔ ግን ያን ስላይድ እስከ ዛሬ እያየሁት ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ለምትጠይቁኝ፣ እውነተኛው መልስ ይኸው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ምቀኝነት ነው። እነሱ ኀዘናቸውን ወስደው የሚያስቀምጡበት ቦታ አላቸው። እኔ ይዤው እዞራለሁ። አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ አልጋ እየተኛን፣ ደብሬ የምትገባበት እኔ የማልገባበት አንድ ክፍል ነበር፤ ልጄም እዚያ ውስጥ ነው። ሰው በር ሲዘጋበት ይቆጣል። አምላክ የለም እያልኩ አርባ ዓመት የጮኽኩት በዚያ በር ላይ ነው።

ጎንደር ተመለስን፤ ሰናይት ተወለደች፤ ኑሮ ቀጠለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ዕድሜም እንደዚያው ነው የወሰደን። በዐቢይ ጾም ደብሬ ለእኔ ዕንቁላል ትጠብሳለች፤ አትቀምሰው፣ ጨው መብቃቱን ከሽታው ታውቀዋለች። ስቅለት ሲደርስ ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰግድ ትውልና ግድግዳ እየያዘች ትመጣለች። እኔ ቅባቱን ይዤ እጠብቃታለሁ፤ ንግግሬንም ጭምር።

"አንቺ ሴት፣ ጉልበት እኮ እንደ ማኪና ጎማ አይቀየርም! አጥንትሽ እየተፋቀ ነው፤ ራጁን አሳይቼሽ የለም?"

"ሸጋ እጅ አለህ፤ እግዜር ይስጥህ።"

"ማን ይስጥህ አልሽ?"

"እሺ በቃ፣ ላብራቶሪው ይስጥህ" ትለኛለች፤ ሁለታችንም እንስቃለን።

"ጎረቤቶቻችን በጊዜ ተመልሰዋል። ምነው አንቺ ብቻ ሁልጊዜ የምትመሺ?"

"ሰልፉ ረጅም ነው" ትለኛለች። በየዓመቱ መልሷ ይኸው ነው። እኔም ሰልፉ ረጅም መሆኑን አምኜ ጉልበቷን አሻለሁ።

እናም ያለፈው ስቅለት፣ ያ የወይራ ሽታ እየጎተተ ወደ ሚካኤል ወሰደኝ። ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። ኪርያላይሶን በተባለ ቁጥር ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሣል። እኔ ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ዳቦም ሳልበላ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዋልኩ፤ ሳላስበው ጾምኩ ማለት ነው። ስግደቱ ሲያበቃ መምሬ ጌጡ ወይራቸውን ይዘው ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆሙ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ምእመኑ ተሰልፎ በየተራ ቀርቦ በሰሙኑ ያጠፋውን ይናገራል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ አድርገው ተጨማሪ ስግደት ያዝዙታል። እሱም ዞር ብሎ ሰግዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መምሬ ቀና ሲሉ አዩኝና ሰልፈኛውን ቆዩኝ ብለው እስከ በሩ መጡ። ተነሥቼ እጄን ስዘረጋ "በሕማማት አንጨባበጥም" አሉኝ።

"የወይራው ሽታ ነው ያመጣኝ መምሬ።"

"ደግ አመጣህ። ዘንድሮ ላንተ የሚሰለፍ ጠፍቶ ነበር።"

"ለእኔ?"

"አልነገረችህም?" ብለው በትራቸውን ተደገፉ። "ይህ የንስሐ ምስጢር አይደለም፤ ግቢው ሁሉ ያየው ነው። ደብሬ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ነበር የምትሰለፍ። መጀመሪያ የራሷን ተቀብላ ትሰግዳለች። ከዚያ ትመለስና ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች። 'ይኸስ የማን ነው?' ስላት 'የባለቤቴ ነው' ትለኛለች። ከሳንጃ በተመለሳችሁ ዓመት ነው የጀመረችው። የሰው ቀኖና ለሰው አይሆንም ብዬ ገሠጽኳት፤ በዓመቱ መጣች። ደግሜ ገሠጽኳት፤ መጣች። በሦስተኛው ተውኳት።"

"ምን አጠፋ ትል ነበር?"

"እኔም እሱን ነበር የምጠይቃት። 'ለብቻው ያዝናል' ትለኛለች። 'ማዘን ምን ጥፋት አለው?' ስላት፣ 'ለብቻው ማዘኑ ነዋ' ትላለች። ሃያ ስሰጣት፣ 'ልቡ ደንዳና ነው፣ ይጨምሩለት' ብላ አርባ ታስደርገኛለች።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማን ላካት? ማን ጠየቃት? ያ ጉልበት እኮ እኔ የማሸው ጉልበት ነው! ክኒን የገዛሁለት፣ ራጅ ያስነሣሁት፣ በዝናብ በፀሐይ ሐኪም ቤት ያመላለስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ያሸሁት የራሴን ስግደት ኖሯል። እሷ ደግሞ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ "ሸጋ እጅ አለህ" ትለኛለች! ከዚያ ግን ለጌታሁን ድንኳን ውስጥ ያላለቀስኩትን ልቅሶ እዚያ በር ላይ አለቀስኩት። መምሬ ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ።

ጫማዬን አወለቅኩ። ገብቼ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ያሉት ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኛል፤ ታፈረ ማይክሮስኮፕ ሰልፍ ላይ! ተራዬ ደረሰ።

"ምን አጠፋህ?" አሉ መምሬ።

"የእኔ አይደለም" አልኳቸው። "የባለቤቴ ነው።"

ወይራውን ዝቅ አደረጉ። "ደብሬ ምን አጠፋች?"

"ደበቀችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት።"

"ሃያ ስገድላት።"

"ይጨምሩላት መምሬ" አልኩ፤ "ልቧ ደንዳና ነው።"

ሊስቁ ምንም አልቀራቸው፤ ቀኑ ስቅለት ሆነና ዋጡት። "እሺ፣ አርባ" አሉና ወይራው ጀርባዬን ነካ ነካ አደረገኝ። አይከብድም፤ ቅጠል ነው። ደብሬ ትሰግድበት የነበረውን የግንቡን ጥግ አሳዩኝና ሄድኩ። ሰማይ አልተከፈተም፤ ድምፅም አልሰማሁ። አፈሩ አፈር አፈር ሸተተኝ። አሥራ አንደኛው ላይ ጉልበቴ ጧ አለ፤ ሃያኛው ላይ ቆሜ ግንቡን ይዤ ተነፈስኩ። በየመሃሉ "አንቺ ሴት፣ አንቺ ሴት" እል ነበር፤ ጸሎት ከተባለ የእኔ እሱ ነው። አርባውን ስጨርስ ግቢው ባዶ ሆኗል፤ መምሬ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይቆጥሩ ኖሯል።

"አመንክ?" አሉኝ።

"አላመንኩም መምሬ።"

"አውቃለሁ። ያላየሁትን አልጽፍልህም" አሉ፤ በትራቸውን ተደግፈው እየተነሡ። "ዛሬ ያየሁትን ግን እጽፋለሁ።"

ከፋሲካ በኋላ ወረቀቱን በሰናይት እጅ ላኩልኝ። ሁለት መስመር ናት፤ "ታፈረ የደብሬ ባል ነው። በስቅለት ዕለት ስለ እርሷ አርባ ሰግዷል፤ አይቻለሁ።" እኔ ራሴ እንደዚያች ያለች ንጹሕ የላብራቶሪ ውጤት ጽፌ አላውቅም። ሰበካ ጉባኤው ይቀበላት አይቀበላት ገና አልታወቀም፤ እንነጋገርበታለን ብለዋል። እኔ እንደሆነ ተቀበሏትም አልተቀበሏትም ለከርሞ ስቅለት እዚያው ሰልፍ ላይ ነኝ።

የስግደቱ ዕለት ማታ ግን፣ ቁልቁለቱን ግድግዳ ግድግዳ እየያዝኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ከቁም ሳጥኑ የካምፎሩን ቅባት አወጣሁ፤ ከደብሬ የተረፈ፣ ግማሽ ያህል አለው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩና ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ። ሰው የራሱን ጉልበት ሲያሸው ምንም አይጥም። ክፍሉ ወይራና ካምፎር ሸተተ። ሰናይት በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

"አባዬ! ከጠዋት ጀምሮ ስፈልግህ፤ የት ነው እስካሁን የቆየኸው?"

"ሰልፉ ረጅም ነው" አልኳት።